መጽሐፍ በወንፈል

[ደባርቅ፣ የአለምነህ እናት ቤት ደጃፍ፤ ቅዳሜ ከሰዓት። አለምነህና የደረስጌው ይግዛው በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ናቸው። ሁለቱም ፊዚዮሎጂ ወድቀው ሰኞ ድጋሚ ይፈተናሉ፤ አሁንም ከወደቁ ትምህርቱ በዚያው ያበቃል። ይግዛው ወፍራም መጽሐፍ ላይ አጎንብሷል፤ አለምነህ ቆሎ እየቆረጠመ ሰማዩን ያያል።]

ይግዛው፦ እኛ አገር ወንፈል ሲወጣ ባለማሳውም አብሮ ያጭዳል።

አለምነህ፦ ያ የገብስ ወንፈል ነው። ይሄ የኢንጂነር ነው። ባለማሳው ያበላል፣ ያዜማል እንጂ አያጭድም።

ይግዛው፦ ቆሎውን አንተው ጨረስከው።

አለምነህ፦ እየቀመስኩልህ ነው። ዛሬ አንተ የኔን ታነባለህ፣ ነገ እኔ ያንተን። ይሄ ትምህርት ለአንድ ሰው እኮ አይቻልም። እንደ ሊማሊሞ ጠመዝማዛ ነው፤ አናቶሚውን ዞርኩ ስትል ሰርኪዩቱ ቆሞ ይጠብቅሃል።

ይግዛው፦ ታዲያ ለምን ገባህበት?

አለምነህ፦ ልብን በማሽን ታደምጣለህ ሲሉኝ ዘፈን መስሎኝ። አሁን ጎረቤታችን እትዬ መዓዛ የበቅሏቸውን ሆድና የቴፓቸውን ሽቦ አንድ ላይ እይልኝ ይላሉ። ሁለቱንም አላውቅም። ነካ ነካ አድርጌ እጄን ታጥቤ እገባለሁ።

ይግዛው፦ [ጣቱን ገጹ ላይ እንዳሳረፈ] ያንተ ማሳ ላይ የሰው ልብ አራት ክፍል አለው ይላል። የኔም ላይ አራት ነው?

አለምነህ፦ [ሳቁን በቆሎ አፍኖ] አይ ይግዛው። መጽሐፉ እኮ አንድ ነው። ላንተ ልብ ብቻ ጓዳ ሊጨመርልህ ነው?

ይግዛው፦ በቀኝ ገብቶ በግራ የሚወጣው ደምስ፣ የኔም ላይ...

አለምነህ፦ ዝም ብለህ እጨድ፣ ወንድሜ።

[አለምነህ በሆዱ ሳቀ። ነገ ጎሕ ሲቀድ ወደ ጎንደር አውቶቡስ ላይ ናቸው፤ በዚያ መንገድ መጽሐፍ የገለጠ ሰው ያስመልሰዋል፤ ጎንደር ሲገቡ ደግሞ ደክሞኛል ይላል። የይግዛው ተራ እንደማይደርስ ያውቃል። ደስታው ወደ ዜማ ተለወጠ።]

አለምነህ፦ እጨድልኝ ይግዛው፣ እጨድ ገጽ በገጽ፤
ሰኞ ፈተናው ላይ ልቤ እንዳይናወጽ።

[ያዜማል፤ ይግዛው ይገልጣል። ፀሐይ ወደ ተራራው ዘንበል ስትል መጽሐፉ ተከደነ።]

ይግዛው፦ ማሳህ አለቀ።

አለምነህ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ያንተ ነገር እንግዲህ... ነገ መንገደኞች ነን። ቅር እንዳይልህ።

ይግዛው፦ ምን ቅር ይለኛል። መጽሐፉ አንድ ነው አላልከኝም? ያንተን ሳጭድ የኔም አብሮ ገባ።

[አለምነህ ያነሳው ቆሎ ከአፉ ሳይደርስ ቀረ።]

አለምነህ፦ የኔስ?

ይግዛው፦ ያንተም ታጭዷል። ያለው ግን እኔ ጎተራ ውስጥ ነው።

አለምነህ፦ ተንኮሌን ከመቼ ጀምሮ አወቅከው?

ይግዛው፦ ባለማሳው አያጭድም ካልከኝ ጀምሮ።

አለምነህ፦ [ራሱን እየነቀነቀ] የሰው ልብ በማሽን ላደምጥ የወጣሁ ሰው፣ አጠገቤ ተቀምጦ የዋለውን አልሰማሁትም።

ይግዛው፦ ገና ብርሃን አለ። [መጽሐፉን የአለምነህ ጭን ላይ አኖረለት፤ ቆሎውን ወደ ራሱ ሳበ።] ከምዕራፍ አንድ ጀምር።

አለምነህ፦ አንተስ ምን ልትሠራ?

ይግዛው፦ እኔማ ባለማሳ ነኝ። [ጉሮሮውን ጠረገ]
እጨድ እንጂ አለምነህ፣ እጨድ ገጽ በገጽ፤
ቆሎው እኔ ጋ ነው፣ ልብህ አይናወጽ።