ሆዳሙ ብረት ለማን ይገባል?

ፈንታሁን የሚስባህን ሞት የሰማው ኮምቦልቻ ፀጉር ቤት ተቀምጦ፣ ግማሽ ጢሙ ተላጭቶ ግማሹ አረፋ ለብሶ ሳለ ነው። ስልኩ ጠራ። ባሽር ነበር። «ሚስባህ አረፈ። ከዙህር ሶላት በኋላ ይቀበራል» አለና ዘጋው። ፈንታሁን አረፋውን በፎጣ ጠረገ፤ ምላጭ ይዞ የቆመውን ሰው «የቀረውን ስመለስ» አለው፤ ወጥቶም ደሴ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈረ። ቀብሩ ላይ ያንን ግማሽ ፊት አይቶ የሳቀ ሰው አልነበረም። ሊስቅ የሚችል አንድ ሰው ነበር፤ የቀበሩት እሱን ነው።

ሦስቱ ጓደኛሞች ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጎልፍ ተጫውተዋል። ሜዳቸው ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ ሲሄዱ ከመንገዱ ወረድ ብሎ ያለ የግጦሽ መሬት ነው። አንድ የውጭ አገር የመንገድ መሐንዲስ ሦስት ጣሳ መሬት ውስጥ ቀብሮ፣ ኳሷን ጣሳው ውስጥ መክተት አስተምሯቸው ወደ አገሩ ተመለሰ። ፈንታሁን ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። በጎረምሳነቱ አዲስ አበባ ለተጫዋቾች የጎልፍ ዱላ ይሸከም ስለነበር ከዚያ ወዲህ የማያውቀው ነገር የለም። ባሽር ደሴ ሰኞ ገበያ ጨርቅ ይሸጣል። ቀስ ብሎ ያስባል፤ ከዚያም ቀስ ብሎ ይናገራል።

ሚስባህ ከሞተ አርባ ቀን ሆነው። ባለቤቱ ጣይባ የዱላ ቦርሳውን ለሁለቱ ሰጠቻቸው። «ኮሪደር ላይ ቆሞ ሳየው ሆዴ ይባባል። የሚስማማችሁን አንዳንድ ውሰዱ፤ የተረፈውን ሁዘይፋ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ሲወርድ ይቀበላችኋል» አለች። ሁዘይፋ የሚስባህ ወንድም ነው። ችግሩ ባሽር ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ «እኔ ጨዋታ በቃኝ» ማለቱ ነው። ዛሬ አንድ ብረት ይዞ ካልሄደ ፈንታሁን ከእንግዲህ ሜዳው ላይ ብቻውን ነው።

[ሜዳው። ከቀትር በኋላ። ሦስት ዌጆች ሳሩ ላይ ተጋድመዋል። ዌጅ ማለት ኳስን ከቅርብ ሽቅብ አንስቶ ጣሳው አጠገብ የሚያሳርፍ፣ ፊቱ ወደ ኋላ ጋደል ያለ ብረት ነው። ሁለቱ ሰዎች መጨቃጨቅ ከጀመሩ ቆይተዋል።]

ፈንታሁን፦ አይሆንም አልኩህ! ዌጅ እንደዚህ አይመረጥም!

ባሽር፦ ለምን አይሆንም? ሃምሳ ስድስት ይላል። እኔም ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው።

ፈንታሁን፦ እና ምን አገናኘው?

ባሽር፦ ልኬ ነዋ።

ፈንታሁን፦ አንተ ሰውዬ! ቁጥሩ ፊቱ ምን ያህል እንደተጋደመ የሚነግርህ ነው። የሰው ዕድሜ አይደለም!

ባሽር፦ [ሌላውን አንስቶ ከዓይኑ አርቆ ያነባል።] ይሄ ስድሳ ነው። እንደሱ ከሆነ ይሄ ይሻለኛል።

ፈንታሁን፦ ደግሞ ለምን?

ባሽር፦ ለልጅ ልብስ ሲገዛ ሰፋ ያለው ነው የሚወሰደው። አራት ዓመት ዝም ብዬ እይዘዋለሁ፤ ከዚያ እደርስበታለሁ።

ፈንታሁን፦ ኧረ በገብርኤል! ስድሳው ከሁሉም የተጋደመ ነው። ኳሷ ሽቅብ ትወጣና እዚሁ አፍንጫህ ሥር ትወርዳለች። ሃምሳ ሁለቱ ደግሞ ቀና ያለ ነው፤ ዝቅ ብላ ራቅ ትላለች። ሃምሳ ስድስቱ መሃል ነው። ገባህ?

ባሽር፦ ገባኝ። [ሦስቱን ቁጥሮች ዳግም ያነባል።] ታዲያ አንተ ስድሳ ሰባትህ አይደል? ሚስባህ ላንተ የሚሆን አልተወም ማለት ነው?

ፈንታሁን፦ እኔ የምለው፣ ደንበኞችህ እንዴት ነው የሚታገሱህ?

ባሽር፦ ወንበር አለ። ቁጭ ይላሉ።

ፈንታሁን፦ ቁጥሩን እርሳው። እርሳው! አሁን ገልብጠው።

ባሽር፦ [በጥንቃቄ ይገለብጠዋል።] ተገለበጠ።

ፈንታሁን፦ ከሥሩ ያለውን ሆዱን ታያለህ?

ባሽር፦ ሆድ አለው እንዴ?

ፈንታሁን፦ ሃምሳ ስድስቱን እይ፤ ወደ ታች ቦርጭ አውጥቷል። ስድሳው ግን ሆዱ ከጀርባው ተጣብቋል።

ባሽር፦ [ሁለቱን ጎን ለጎን ይዞ።] ወላሂ እውነትህን ነው። ይሄኛው የቤት ደላላ ይመስላል። ይሄ ደግሞ የረመዳን መጨረሻ ላይ ያለሁትን እኔን።

ፈንታሁን፦ አሁን ስማኝ። ሆዳሙ መሬት ሲነካ ይንሸራተታል እንጂ አይገባም። ሆድ የለሹ እንደ ምላጭ ሰርስሮ ይገባል። ስለዚህ ሲመታ መሬት የሚቆፍር ሰው ሆዳሙን መያዝ አለበት፤ ከራሱ ያድነዋል። ሳሩን ዳበስ አድርጎ የሚያልፍ፣ እጁ የሰለጠነ ሰው ሆድ የለሹን ይይዛል።

ባሽር፦ ሰውየው ራሱ ሆዳም ከሆነስ?

ፈንታሁን፦ የሰውየው ሆድ ምን አገባው!

ባሽር፦ ብዙ ከበላ ከበድ ይላል ብዬ ነው። ከበድ ካለ ይቆፍራል።

ፈንታሁን፦ [ሰማይ ሰማይ ያያል።] ሚስባህ፣ ለማን ጥለኸኝ ሄድክ?

[ባሽር የሃምሳ ስድስቱን ፊት በአውራ ጣቱ ይዳብሳል፤ ጨርቅ ሲመርጥ እንደሚያደርገው።]

ባሽር፦ ይሄኛው መስመሮቹ አልቀዋል።

ፈንታሁን፦ መስመሮቹ ኳሷን ቆንጥጠው የሚይዙ ናቸው። ሚስባህ እሱን ስለሚወደው ነው ያለቀው።

ባሽር፦ አላህ ይዘንለት። ያለቀ ነገር መጣል አይወድም ነበር። አንዱን ሸሚዝ ሦስት ጊዜ ኮሌታ አስቀይሮታል።

ፈንታሁን፦ በል አሁን ወዝወዝ አድርግልኝ። አመታትህን አይቼ ልፍረድ።

ባሽር፦ ኳስ አልመታም ብያለሁ።

ፈንታሁን፦ ማን ምታ አለህ? ያለ ኳስ!

[ባሽር ሳይወድ በግድ ዱላውን አንድ ጊዜ ያወዛውዛል። ክንዱን ዘርግቶ ወደ ደረቱ ይሰበስባል።]

ፈንታሁን፦ ምን እያደረግክ ነው?

ባሽር፦ እያወዛወዝኩ።

ፈንታሁን፦ ሦስት ሜትር አቡጀዲ ነው የለካኸው! ቢያንስ መቀሱን አንሳ!

ባሽር፦ በል እንግዲህ ጨረስኩ። ቦርሳውን ለማድረስ ነው የመጣሁት። ሁዘይፋ ሲመጣ ሦስቱንም ይውሰዳቸው፤ እኔ ሱቄ እገባለሁ።

ፈንታሁን፦ [ክንዱን ይዞ።] ቆይ። ቆይ አልኩህ! አንተ እኮ ሌላ ሰው ትሸውድ እንደሆነ እንጂ እኔን አትሸውድም። ማስረጃ አለኝ።

ባሽር፦ የምን ማስረጃ?

ፈንታሁን፦ ና!

[ወደ ሁለተኛው ጣሳ እየጎተተ ይወስደዋል። እዚያ ሳሩ እዚህም እዚያም ተቦድሷል፤ ቀይ አፈር ወጥቷል።]

ፈንታሁን፦ ቁጠር።

ባሽር፦ አንድ፣ ሁለት… [ዘወር ዘወር እያለ፣ ቀስ ብሎ ይቆጥራል።] አሥራ አንድ። ምንድን ናቸው?

ፈንታሁን፦ «ምንድን ናቸው» ይላል እንዴ! ያንተ ጉድጓዶች ናቸው!

ባሽር፦ የኔ?

ፈንታሁን፦ «ጨዋታ በቃኝ» እያልክ ጠዋት ጠዋት ተደብቀህ ትመጣለህ! ሱቁን ልጅህ ነች የምትከፍተው፤ አውቃለሁ። የመጀመሪያውን ጉድጓድ ያየሁ ቀን ብቻዬን እንደ እብድ ስስቅ ነበር። «ይቆፍር፤ ግድ የለም፤ ዋናው መምጣቱ ነው» አልኩ። እስክታፍር ልጠብቅህ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።

ባሽር፦ [ጎንበስ ብሎ አንዱን ጉድጓድ በጣቱ ይለካል።] ይሄ ስንዝር ይሆናል።

ፈንታሁን፦ ያማ ትንሹ ነው! ይሄን እይ። ድንች ተቆፍሮ የወጣበት ይመስላል። ይሄ ደግሞ ግመል ይቀበርበታል። ይሄን የሠራ ሰው ኳስ ሊመታ ነው የመጣው ወይስ ውሃ ሊያወጣ?

ባሽር፦ እንዲህ የሚመታ ሰው በጣም ይቆፍራል ማለት ነው?

ፈንታሁን፦ ይቆፍራል? መሬት የወሰደችበትን ነገር እያስመለሰ ነው እንጂ!

ባሽር፦ እና ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የቱ ይሻለዋል?

ፈንታሁን፦ ሆዳሙ! ሌላ ምንም አያድነውም።

ባሽር፦ እርግጠኛ ነህ?

ፈንታሁን፦ ማርያምን!

ባሽር፦ እሺ። አንተስ?

ፈንታሁን፦ እኔማ ሌላ ነገር ነኝ። ዘጠኝ ዓመት አንዲት ሳር ቆርጬ አላውቅም። ስመታ ውዬ በማግስቱ ብመጣ ሜዳው እንደ ምንጣፍ ነበር። እጅ ማለት ያ ነው። ሆድ የለሹ የኔ ነው።

ባሽር፦ ከየት ቆመህ ነው የምትመታው?

ፈንታሁን፦ ከዚሁ። ጣሳው ፊት ለፊት ስለሆነ ከሌላ ቦታ አልመታም።

ባሽር፦ የኔ ጉድጓድ ካለበት?

ፈንታሁን፦ አንተ ነህ እንጂ እግር እግሬን እየተከተልክ የምትቆመው።

ባሽር፦ ከመታህ በኋላ መሬቱን ታየዋለህ?

ፈንታሁን፦ ኳስ የመታ ሰው ሽቅብ ነው የሚያየው! ቁልቁል የሚያይማ ምን ሊያገኝ ነው?

ባሽር፦ ፈንታሁን።

ፈንታሁን፦ አቤት።

ባሽር፦ ሚስባህ ከሞተ ወዲህ ዛሬ ገና እዚህ ሜዳ መምጣቴ ነው።

ፈንታሁን፦ ወላሂ በል።

ባሽር፦ ወላሂ።

[ፈንታሁን ጉድጓዶቹን ያያል። ጫማውን ያያል። የጫማው ጫፍ ቀይ አፈር ነው።]

ፈንታሁን፦ እና እነዚህ…

ባሽር፦ አርባ ቀን ሙሉ ከአንተ ሌላ እዚህ የመታ ሰው የለም።

ፈንታሁን፦ ዘጠኝ ዓመትስ? ዘጠኝ ዓመት ሜዳው እንደ ምንጣፍ…

ባሽር፦ አንተ «ቤት ይጠብቁኛል» ብለህ ስትሄድ እኔና ሚስባህ የአስርን ሶላት ልንሰግድ እንቀር ነበር።

ፈንታሁን፦ አውቃለሁ። ሶላታችሁ በጣም ይረዝም ነበር።

ባሽር፦ ሶላቱ አጭር ነው። የሚረዝመው ያንተ ጉድጓድ ነበር።

[ፈንታሁን የጫማውን አፈር ሳሩ ላይ ይጠርጋል።]

ባሽር፦ ሚስባህ ከታች ካለው ወንዝ ዳር አሸዋ በባልዲ ያመጣል፤ እኔ የተቦደሰውን ሳር መልሼ እረግጣለሁ። የየራሳችንንማ እዚያው ነበር የምንደፍነው።

ፈንታሁን፦ ያ ግራሩ ሥር ያለው ባልዲ?

ባሽር፦ አዎ።

ፈንታሁን፦ የከብት ማጠጫ መስሎኝ! ስንት ቀን እጄን ታጠብኩበት!

ባሽር፦ ይህንንም እናውቃለን።

ፈንታሁን፦ [ሳሩ ላይ ይቀመጣል።] ለምን አልነገራችሁኝም?

ባሽር፦ እሱ ከለከለኝ። «አዲስ አበባ ዱላ የተሸከመ ሰው ነው፤ ይከፋዋል። ይልቅ አሸዋው ይቀለናል» አለ።

ፈንታሁን፦ ይስቅብኝ ነበር?

ባሽር፦ መቆም እስኪያቅተው። አንዳንዴ ባልዲውን ያስቀምጥና ሆዱን ይይዝ ነበር። ከዚያ ተነስቶ ይደፍናል።

[ፈንታሁን መጀመሪያ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ባሽር ጓደኛው እያለቀሰ ይሁን እየሳቀ ሊለይ ጎንበስ ብሎ ያየዋል። ፈንታሁን እየሳቀ ነው። ቆይቶ ዓይኑን በእጅጌው ይጠርጋል።]

ባሽር፦ [ሃምሳ ስድስቱን እያቀበለው።] እንካ።

ፈንታሁን፦ ምንድን ነው?

ባሽር፦ ሆዳሙ ነዋ። ማርያምን ያልክበት።

ፈንታሁን፦ [ይቀበላል። እጀታው ላይ የሚስባህ ጣቶች የበሉትን ቦታ ይይዛል።] አንተ ይሄን ትፈልገው ነበር። መጀመሪያ ያነሳኸው እሱን ነው።

ባሽር፦ ሚስባህ እንጂ ብረቱ አይደለም የናፈቀኝ። ደግሞ የሚቆፍርን ሰው ሌላ ምንም አያድነውም ብለሃል።

ፈንታሁን፦ እና አሁን ትሄዳለህ?

ባሽር፦ [ወደ ግራሩ ሄዶ ባልዲውን ያነሳል፤ ከውስጡ የደረቀ ቅጠል ይደፋል። ሲመለስ ስድሳ ቁጥሩን ከሳሩ ላይ አንስቶ ብብቱ ሥር ይሸጉጣል።]

ፈንታሁን፦ ጨዋታ በቃኝ አላልክም?

ባሽር፦ ብያለሁ። ግን ይሄን ሁሉ ላንተ ብተወው በክረምት ሜዳው ኩሬ ይሆናል።

ፈንታሁን፦ ትመታለህ ወይስ አትመታም?

ባሽር፦ እኔ ላስብበት። አንተ አሸዋ አምጣ።

ፈንታሁን፦ እኔ? እኔ ነኝ ባልዲ የምሸከመው?

ባሽር፦ መሸከም የተማርከው አዲስ አበባ አይደል? በል ተነስ፤ ሁዘይፋ ሊደርስ ነው።

[ፈንታሁን ባልዲውን ይዞ ወደ ወንዙ ይወርዳል። እየተመላለሰ ያመጣል፤ ባሽር ይረግጣል።]

ፈንታሁን፦ ቀስ ብለህ እርገጠው፤ እንደሱ አይረገጥም! መጀመሪያ ከዳሩ ነው!

ባሽር፦ እሺ።

ፈንታሁን፦ አሸዋውም በዛ። እኔ ሳውቀው…

ባሽር፦ ፈንታሁን።

ፈንታሁን፦ አቤት።

ባሽር፦ አሸዋ።

ሁዘይፋ መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ ክላክስ ሲያደርግ ሰባቱን ደፍነው ነበር። ሃምሳ ሁለት ቁጥሩን ከነቦርሳው ሰጡት፤ እሱም አውሮፕላኑ እንዳያመልጠው ፈጥኖ ሄደ። ከዚያ ፀሐይዋ አዘቀዘቀች፤ ባሽርም ወደ ደሴ መውጣት ነበረበት። አራት ጉድጓድ ለሌላ ቀን ቀርቷል።