እመት ቱርኪያ ምዕራፍ አንድን ወደ ቧንቧ ውሃ ዳገት ያወጡበት ዜና

በሁለት ሺህ ዐሥራ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ጀሪካን፣ ማለትም ሚኒባስ ሁሉ ከሥራው ይልቅ በነዳጅ ሰልፍ ላይ በሚውልበት ዘመን፣ እመት ቱርኪያ ኮምቦልቻ ላይ ጨርቅ መቁረጥ በጀመሩ በሠላሳ አንደኛው ዓመት፣ ይህ ዜና ሆነ፤ ሲሆን ያየ አየ፣ ያላየም እነሆ ተጽፎለታልና ያንብብ።

እመት ቱርኪያ ማን ናቸው ቢሉ፣ መዋዒተ ዳገት፣ ማለትም ዳገት አሸናፊዋ፣ ዘእምነገደ የመን፣ አያታቸው ከባሕር ማዶ ጥቅል ጨርቅ ተሸክመው መጥተው ደሴን ያለበሱ፣ እሳቸውም በሯ ከጠበበች ሱቃቸው ተቀምጠው ለስንት ሙሽራ መጋረጃ፣ ለስንት ሙሽራ አባት ሽርጥ የሸጡ፣ ሜትር ሲለኩ ጣት የማያጓድሉ፣ ምላስ ሲመዙ ግን ልክ የማያውቁ ሴት ናቸው። ቤታቸው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ከዳገቱ ጫፍ ነው፤ ሚኒባስ ደግሞ ከዳገቱ ሥር ይቆማል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህ ነገር አላስቸገራቸውም። አሁን ግን ጉልበታቸው ጠዋት ሲወርዱ ያጉረመርማል፣ ማታ ሲወጡ በግልጽ ያምፃል።

ልጃቸው አብዱልባሲጥ፣ አላህ ይጠብቀውና፣ እናቱን ከመውደዱ የተነሣ ሱቃቸውን ሊያከራይባቸው ተነሣ። ጁነይድ የሚባል የሞባይል ነጋዴ አዘጋጅቶ፣ እማ አንቺ አርፈሽ ቁጭ በይ፣ ረመዷን ሲገባ ቁልፉን ታስረክቢያለሽ አላቸው። እሳቸውም በዚያ ሳምንት ዳገቱ መሐል ላይ፣ ያውም በጎረቤት ፊት፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ተዋርደው ነበርና፣ እስከዚያ ድረስ መኪና ደጄ ካልመጣ እሺ ሲሉ ቃል ሰጡ። ነጋዴ ደግሞ ጨርቁን ይመልሳል እንጂ ቃሉን አይመልስም።

ወእምዝ፣ ረመዷን ሊገባ ጥቂት ጁምዓ ሲቀር፣ የሚኒባስ ባለንብረቶች ማኅበር የደሴ፣ የኮምቦልቻና የአካባቢው የትራንስፖርት መረብ በሦስት ምዕራፍ ሊስፋፋ ነው ሲል አስነገረ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ ዳምጤ ናቸው፤ የአራት ሚኒባስና የአንድ ትልቅ ሆድ ባለቤት። ዕቅዱን የነደፈው ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ ትኩስ የወጣው ሰፍዋን ነው። ሰፍዋን በማኅበሩ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ካርታ አበራ፤ ቀይ መስመር ወደ ደጋን፣ ምዕራፍ አንድ፤ አረንጓዴ መስመር ወደ ቢስቲማ፣ ምዕራፍ ሁለት፤ ወደ ደሴ ዳገቶች ግን መስመር ሳይሆን ነጠብጣብ፣ ምዕራፍ ሦስት።

በዚህ አገር የምዕራፍን ሕግ የማያውቅ የለም። ምዕራፍ አንድ በጀት ያገኛል፣ ምዕራፍ ሁለት ጥናት ያገኛል፣ ምዕራፍ ሦስት ኢንሻአላህ ያገኛል። ማኅበሩም ያዋጣው ገንዘብ ለአንድ ምዕራፍ ብቻ እንደሚበቃ፣ ለቀሪው አጋር አካል እንደሚፈለግ ሰፍዋን አንገቱን ደፍቶ ተናገረ። አጋር አካል የሚባለውንም እስከ ዛሬ በዓይኑ ያየ ሰው አልተገኘም።

እመት ቱርኪያ ይህን በሰሙ ጊዜ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዕቅዱ ሊጸድቅ ጉባኤ በተጠራበት ቀን ዘመቱ። የተከተሏቸውም ሠራዊት እነዚህ ነበሩ፤ ወይዘሮ ከሪማ፣ ዘይቷን ተሸክማ ዳገቱን ስትወጣ ግማሹን ለአፈሩ የገበረች፤ ዚክራ ፀጉር ሠሪዋ፣ መቀሷ ቢደነዝ በምላሷ የምትከረክም፤ ዱዓ ላይ ተቀምጠው የሰፈሩን ችግር ለፈጣሪ የሚያደርሱ ዱበርቲዎች፣ እነዚያ የከበሩ አሮጊቶች፣ ከነመቁጠሪያቸው፤ ደግሞም አንድ በግ ከነባለቤቱ፣ ወደ ገበያ የሚወርድበት መንገድ ያው ስለሆነ ብቻ።

አዳራሹ በደረሱ ጊዜ አቶ ዳምጤ በአክብሮት ካስቀመጧቸው በኋላ፣ ዳገቱ ፍሪሲዮን ይበላል፣ ከላይም ማዞሪያ የለውም ሲሉ፣ ምዕራፍ አንድ ከእኛ ይጀመር የሚለውን ጥያቄ ጣሉት። ዚክራም፣ በከሪማ ልጅ ሠርግ ጊዜ ያ ሁሉ ሆድዎ በሚኒባስ ወጥቶ ነበር፣ ፍሪሲዮኑ ያን ቀን ጾመኛ ነበር ወይ ብላ ጠየቀች። አዳራሹ ሳቀ፤ ቀይዋ መስመር ግን ከደጋን ንቅንቅ አላለችም።

ከዚያ የደጋኑ መልእክተኛ ሙዓዝና የቢስቲማው መልእክተኛ ሙሄዲን ተያያዙ። ሙዓዝ፣ እኛ ዋና መንገድ ላይ ነንና ከእኛ መጀመሩ ልክ ነው ሲል፣ ሙሄዲን፣ ዋና መንገድ ላይ ከሆናችሁ እጅ ዘርግቶ መኪና ማስቆም አቃታችሁ ወይ አለው። ሙዓዝ፣ የቢስቲማን መንገድ ፍየልም አስባበት ነው የምትሄደው ቢለው፣ ሙሄዲን ፍየሊቱን እንደ ስድብ ቆጥሯት ተነሣ። እንዲህ ሲባባሉ ፀሐይ አናት ላይ ወጣች፣ ከጓሮም የሩዝ በሥጋ ሽታ ገባ፤ የሰውም ልብ ከመረቡ ወደ ድስቱ ዞረ። አቶ ዳምጤ፣ ዕቅዱ ባለበት ይጽና ብለን በዱዓ እንነሣ አሉ።

በወሎ ጉባኤ ያለ ዱዓ አይበተንም፤ እስላሙም ክርስቲያኑም እጁን ይዘረጋል። ዱዓ የሚያደርጉት ሽማግሌ ሼህ ዑዘይር ነበሩ። ልማዱም፣ ጉዳይ ያለበት ሰው ሐጃዬ ይህ ነው ብሎ ያቀርባል፣ ሼሁ ጮክ ብለው ይለምኑለታል፣ ሕዝቡ አሚን ይላል። አንዱ የታመመች ሚስቱን አቀረበ፣ አንዱ የጠፋች ላሙን። እመት ቱርኪያም ጉልበታቸውን ይዘው ተነሥተው፣ ሳይሸሽጉ፣ ሐጃቸውን ለሼሁ አቀረቡ። የሚሰማ ጆሮ ቢኖር ሁሉ በሰማ ነበር፤ ጆሮ ግን ሩዙ ጋ ነበረ።

ሼህ ዑዘይር እጃቸውን ዘረጉ። የታመመውን ይማር አሉ፤ አሚን። ዝናቡን በወቅቱ ያውርድ፤ አሚን። የጠፋውን ይመልስ፤ አሚን። የዚህ መረብ ምዕራፍ አንድ ከቧንቧ ውሃ ዳገት ይጀምር፣ ያዋጣችሁት ገንዘብ እዚያ ይባረክ፣ ይህን ያለ አፍ አይጥፋ አሉ። አሚን፣ አለ አዳራሹ በአንድ ድምፅ፤ ከሁሉም ጎልቶ የተሰማው የአቶ ዳምጤ ነበር፤ ሙዓዝና ሙሄዲንም ፊታቸውን እየዳበሱ አሚን አሉ።

ያን ጊዜ እመት ቱርኪያ እንዲህ ሲሉ አዋጅ ነገሩ፦ «የደሴ፣ የኮምቦልቻ፣ የደጋን፣ የቢስቲማ ሰው ሆይ፣ ድምፅ ሰጥታችኋል። በእጅ ይቆጠር ለሚልም፣ ሁሉም ሁለት እጁን አውጥቶ ነበር።»

አቶ ዳምጤ ላብ በላብ ሆነው፣ እኔ አሚን ያልሁት ለዝናቡ ነው አሉ። ሙዓዝ፣ እኔስ ለላሟ ነው አለ። ሼህ ዑዘይርም ዘወር ብለው ፈረዱ፦ «አሚን እንደ ብር አይመነዘርም። ያልኸው ለሁሉም ነው፤ ካልፈለግህ እጅህን ሰብስበህ መቀመጥ ትችል ነበር።»

በዚህ አገር በፍርድ ቤት የተሸነፈ ይግባኝ ይላል፤ በአሚን የተሸነፈ ግን ምን ይላል? ሰፍዋን ቀይዋን መስመር ከደጋን ነቅሎ ቧንቧ ውሃ ተከላት። ሙዓዝ ሲወጣ፣ በሚቀጥለው የራሳችንን ሼህ ይዘን እንመጣለን እያለ ነበር። ግፍ ነው የሚል ካለ አስቀድሞ ጉልበቱን ያሳየን።

ወእምድኅረዝ የማኅበሩ ገንዘብ ወጥቶ ገረጋንቲ ተገዛ፣ የሰፈሩም ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ከላይ ያለውን ቦይ ደፍኖ ማዞሪያ አበጀ። ረመዷን ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀር፣ በጦሳ ተራራ ጉም ውስጥ፣ የአቶ ዳምጤ ሚኒባስ እያቃሰተ ዳገቱን ወጣ፤ ዱበርቲዎች እልል አሉ፤ ፍሪሲዮኑም፣ አልሐምዱሊላህ፣ አልተበላም። እመት ቱርኪያ ከደጃቸው ጋቢና ገብተው፣ የሃረጎን ጠመዝማዛ መንገድ እንደ ንግሥት ወርደው፣ ከደሴ ብርድ ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት ገብተው ሱቃቸውን ከፈቱ።

አብዱልባሲጥና ጁነይድ መደርደሪያ ሊለኩ ሜትር ይዘው ሲመጡ፣ እሳቸውን ከደጃፉ ተቀምጠው አገኟቸው። ልጁ አስቀድሞ ጉልበታቸውን አየ፤ እጃቸው አልያዘውም። ከዚያ ፊታቸውን አየ። እሳቸውም የመጨረሻውን አዋጅ ነገሩ፦ «ይህ ሱቅ አይከራይም። ጁነይድ ግን ሜትር ይዞ መጥቷልና ባዶ እጁን አይመለስም፤ ለሚስቱ መጋረጃ ይለካ።»

ጁነይድ ለካ፣ ተከራከረ፣ ተሸነፈ፣ ከፈለ። አብዱልባሲጥም ጥቅሉን ተሸከመለት።

እንግዲህ መስመር የነቀሉ፣ ቦይ ያስደፈኑ፣ ተከራይን ገዢ ያደረጉ እመት ቱርኪያ ክብራቸው ይስፋ፤ ዕድሜያቸው እንደ ሃረጎ መንገድ ይርዘም፤ ምቀኞቻቸው እንደ ረዳት ከበር ይንጠልጠሉ፤ እሳቸው ግን ጋቢና ይቀመጡ፤ ይህን ያነበበም፣ ምን እንደሚል አስቦ፣ አሚን ይበል።