በረዶ አባራሪው

ሐፍረት ሁለት ዓይነት ነው፤ የተያዘ ሰው ሐፍረትና ያልተያዘ ሰው ሐፍረት። የመጀመሪያው ቀላል ነው አልልም፤ ግን ያልቃል። ይሰድቡዎታል፣ ይገሥጹዎታል፣ ዕድል ከጎደለዎትም በጥፊ ይሉዎታል፤ ከዚያ ፊትዎን ታጥበው ቤትዎ ይገባሉ። በሳምንቱ መንደሩ ሌላ ወሬ ያገኛል። ሁለተኛውን ግን ማን ይገሥጽልዎት? ማንም አያውቅማ! ራስዎ ከሳሽ፣ ራስዎ ተከሳሽ፣ ራስዎ ዳኛ ሆነው፣ ለራስዎ ቀጠሮ እየሰጡ ዓመት ይገፋሉ። እኔ የሁለተኛው ደንበኛ ነኝ።

ነገሩ የተጀመረው ደብረ ብርሃን፣ እሠራበት በነበረው ጋራዥ ነው። ትምህርቴን ከሰባተኛ ክፍል ያቋረጥኩት ጠልቼው አይደለም፤ ቁጭ ማለት አቅቶኝ ነው። እጄ ሥራ ሲፈታ ይበላኛል። የተዘጋ ነገር ካየሁ እከፍታለሁ፤ የተበላሸ ካየሁ እፈታታለሁ። ከሁሉም የሚከፋው ግን ደህና የሚሠራ ነገር ሳይ ነው። አሻሽለዋለሁ።

ጋሽ ታደሰ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነበሩ፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሲስቁ እንኳ ድምፅ የማያወጡ ሰው። በሞተር ሳይክል ጣርማ በር ድረስ እየወጡ የገበሬውን በግ ይከትባሉ። ነሐሴ ውስጥ እዚያ አናት ላይ ምን እንደሚወርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ለማያውቀው ልንገር፦ ዝናብ ብሎ ይጀምርና ሐሳቡን ቀይሮ በረዶ ይሆናል። ያ በረዶ ከጥቁሩ ጭቃ ጋር ተለውሶ በኋለኛው ጎማና በፓራፋንጎው፣ ማለትም ጭቃ በሚከላከለው ቆርቆሮ፣ መሃል ይጠቀጠቃል። ነፋሱ ያጠነክረዋል። ጎማው መዞር እምቢ ይላል። ጋሽ ታደሰ ወርደው በእንጨት ይጎረጉራሉ፤ ትንሽ ይነዳሉ፤ ደግሞ ወርደው ይጎረጉራሉ። አንድ ቀን ጎማው በድንገት ቀጥ ብሎ ገደል አፋፍ ላይ ጣላቸው። ክንዳቸውን በሻሽ አስረው ጋራዥ መጡ።

«ይህን ቆርቆሮ ፍታልኝ፤ ያለሱ ልንዳ» አሉኝ።

ፈትቼ ብሰጣቸው ኖሮ አሁን የምነግርዎ ነገር ባልኖረኝ። አራት ብሎን ነው። ግን አራት ብሎን መፍታት ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ውርደት መሰለኝ።

«ጋሽ ታደሰ፣ ሁለት ቀን ይስጡኝ» አልኩ። «በረዶ የሚባል ነገር እዚህ ጎማ አጠገብ ድርሽ አይልም።»

ሐሳቤ ይህ ነበር። ማርሚታው፣ ጭስ ማውጫው፣ ያን ሁሉ ሙቀት በከንቱ ለነፋስ ይበትናል፤ ለምን ወደ ፓራፋንጎው አይመለስም? ከአሮጌ የብረት አልጋ እግር ቱቦ ቆርጬ፣ አጣምሜ፣ በይጄ ጭሱን ከጎማው በላይ አስገባሁት። ልሞክረው ብዬ እየነዳሁ ገበያውን ዞሬ ስመለስ ማርሚታው ፍም መስሏል፤ የሱሪዬ እግር ይጨሳል። መውጫ አጥቶ ታፍኗላ! ሌላ ሰው ይተወው ነበር። እኔ ቱቦውን በሰፊ ቀየርኩ፣ ፓራፋንጎውን ሁለት ጣት ያህል ከፍ አደረግሁ፣ ከአናቱ ላይ አምስት ረጃጅም ቀዳዳ ከፈትኩ። ሙቀቱ ከታች ገብቶ በረዶውን ያቀልጣል፣ በቀዳዳዎቹ ሽቅብ ይወጣል። እንደገና ሞከርኩት። ማርሚታው እንደ ደንቡ ብቻ ሞቀ። ልብ ይበሉልኝ፤ ሥራው ሠርቷል። ሐፍረቴ የመጣው ካልሠራ ነገር አይደለም።

የሚቀጥለው ክትባት ሲደርስ፣ ሥራዬን በዓይኔ ልይ ብዬ ለምኜ አብሬ ሄድኩ። ጋሽ ታደሰ ፊት፣ እኔ ከኋላቸው፣ ከእኔ ኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ የክትባቱ ሳጥን። የበግ ፈንጣጣ አጎራባች ቀበሌ ገብቷል ስለተባለ፣ ገበሬው በጉን ሰብስቦ እንዲጠብቅ ተነግሮታል። ከጣርማ በር ሥር ስንደርስ በረዶው ወረደ። መንገዱ ነጣ። የጭነት መኪና ሾፌሮች ዳር ይዘው ቆመው እያዩን እኛ ሽው! ከጎማው ላይ ጭቃው እየቀለጠ ይፈስሳል። ያ ዝምተኛ ሰው አንገታቸውን መለስ አድርገው፣ «አንተ ልጅ፣ መሐንዲስ ነህ እኮ!» አሉኝ። ደረቴ ተነፋ። መቀመጫዬም ሞቀ። እውነቱን ልንገርዎ፣ በዚያ ብርድ ከሥር የሚመጣ ሙቀት ንጉሥ ያደርጋል። ያ ሙቀት እኔን አልፎ ወዴት እንደሚሄድ ግን አልጠየቅሁም።

የገበሬ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ያለው ሜዳ በሰውና በበግ ሞልቷል። ከሁሉም ፊት እማማ አስካለ የሚባሉ ባልቴት አሥራ አንድ በግ በገመድ አያይዘው ቆመዋል።

«አቶ ሐኪም፣ ከኔ ጀምርልኝ» አሉ። «ከእነዚህ ሌላ የለኝም።»

ጋሽ ታደሰ ሳጥኑን ከፈቱ። ጠዋት ከማቀዝቀዣ አውጥተን የሞላነው በረዶ የለም። ውሃ ነው። ጣታቸውን ነከሩ። ከዚያ ፓራፋንጎውን፣ አምስቱን ቀዳዳዎች አዩ። ከዚያ እኔን።

ውሃው ለብ ብሏል። ክትባት በቅዝቃዜ ካልቆየ ይሞታል፤ የሞተ ክትባት መውጋት ውሃ መውጋት ነው። እኔ ሁለት ቀን ሙሉ በረዶ ለማባረር ስለፋ፣ በረዶ ተሸክመን እንደምንሄድ አንዴም ትዝ አላለኝ። ሳጥኑን ቀዳዳዎቹ አናት ላይ ጥፍር አድርጌ ያሰርኩትም እኔው ነኝ።

እስካሁን ያወራሁት ስሕተት ነው። ስሕተት ያናድዳል እንጂ አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ቀጥሎ ያልኩት ነው። ጠጋ ብዬ በጆሯቸው፣ «ጋሽ ታደሰ፣ ዝም ብለው ወጋ ወጋ ያድርጓቸው። ማን ያውቃል?» አልኩ።

«በጎቹ ያውቁታል» አሉኝ።

ባርኔጣቸውን አወለቁና ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «ወገኖቼ፣ ክትባቱ መንገድ ላይ ሞቆ ተበላሽቷል። ኃላፊው እኔ ነኝ፤ ሳጥኑን ማየት ነበረብኝ። ሌላ እስካመጣ ስምንት ቀን ታገሡኝ።»

«ሸጦት ነው!» አለ አንዱ ከኋላ።

«አሻጥር ነው!» አለ ሌላው። ያ ቃል በዚያ በአብዮቱ ዘመን ሰው ያሳስር ነበር።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ከከተማ ሥልጠና ገና የተመለሰ ሰው ነው፤ የተማረውን የሚያሳይበት ቀን አገኘ። «ጓዶች! ጓድ ታደሰ ግለሂሳቸውን አቅርበዋል። አሁን ወደ ሂስ እንገባለን!» ተገባ። አንዱ ተነሥቶ መንግሥት የሰጠውን ንብረት ያልጠበቀ አለ፤ አንዱ ገበሬውን የናቀ አለ፤ አንዱማ ካቻምና ስለሞተች ላሙ አነሣ። ጋሽ ታደሰ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው በካፊያው ቆመው ሰሙ። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። «እኔ ነኝ» ማለት ሁለት ቃል ነው። አሻጥር የሚለውን ፈርቼ ነው ብል ይምሩኝ ይሆናል፤ ግን ፍርሃት ብቻ አልነበረም። መሐንዲስ የተባልኩት ገና ያን ጠዋት ነበር። አሳሳኝ።

«ይኸኛውስ ማነው?» አለ ሊቀመንበሩ።

ጋሽ ታደሰ አዩኝ። ጥቂት ጠበቁ። «ሞተሩን የሠራው ልጅ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ጎማው በረዶ እንዳይዝ ያደረገው እሱ ነው።»

አልዋሹም። በሩን ከፍተው ተዉልኝ እንጂ። የቀረውን መቀጠል የኔ ነበር፤ ሊቀመንበሩ ቀደመኝ። ልክ ነው፣ ለመቀደም ተመቻችቼለታለሁ።

«ጓዶች! ሠርቶ አደር ወጣት ማለት ይህ ነው! በሂስ ብቻ አንበተንም፤ ለፈጠራ ሥራው ሞቅ ያለ ጭብጨባ!»

ሜዳው አስተጋባ። በጎቹ ደነበሩ። በዚያን ጊዜ ስብሰባ ላይ የተጨበጨበለት ሰው ዝም ብሎ አይቆምም፤ ደንቡ አብሮ ማጨብጨብ ነው። አጨበጨብኩ። ለራሴ።

በስምንተኛው ቀን፣ ፓራፋንጎውን ፈትቼ፣ ሳጥኑን ጉልበቴ ላይ ታቅፌ፣ አዲስ ክትባት ይዘን ተመለስን። ፈንጣጣው ቀድሞናል። የእማማ አስካለ ገመድ ላይ የቀሩት ሰባት ናቸው። ጋሽ ታደሰ ለሰላምታ እጃቸውን ሲዘረጉ ባልቴቷ ነጠላቸውን ሰብስበው ፊታቸውን አዞሩ። ከዚያ እኔን አዩና ፊታቸው ፈታ አለ። ሁለቱንም እጄን ያዙ፤ እጃቸው ሸካራና ቀዝቃዛ ነበር።

«አንተ የዚያን ለት የተጨበጨበልህ አይደለህ የኔ ልጅ? ለድኻ የሚያስብ እንዳንተ ያለው ነው። እጅህ ይባረክ!»

ጋሽ ታደሰ ጎንበስ ብለው መርፌ ይሞሉ ነበር። ቀና አላሉም፤ እጃቸው ግን ቆመ። እየጠበቁኝ ነበር።

«አሜን» አልኩ።