ያልመታ አይጭንም

አገር ብትቀይር፣ ሰፈር ብትቀይር የማታመልጠው አንድ ሰው አለ፤ አደጋ አስተማሪ። ታክሲ ልሳፈር ነው ስትለው የተገለበጠውን ይነግርሃል። ሆዴን አመመኝ ስትለው በሆድ ሕመም የሞተ ሰው ያውቃል፤ ቀብሩ ላይም ነበረ። አታምነውም፣ ትስቅበታለህ፣ ቤትህ ስትገባ ግን የቆለፍከውን በር ተመልሰህ ትነካካለህ።

የእኛዋ ያሉት በተሰደድንበት አገር፣ ጀርሚስተን የሚባል ከተማ ነው። ክብርት እትዬ ሙርሺዳ፣ የዘይትና የዱቄት ጅምላ አከፋፋይ፣ የስልጤ ልጅ፣ ሂጃባቸውን ወደኋላ አስረው ዱላ የሚያወናጭፉ ጠቅላይ አዛዥ። ዱላውን የተማሩት ከአንድ ፊሊፒናዊ ሽማግሌ ነው። ሰውየው እዚያው ከተማ በአንድ አዳራሽ ውስጥ አርኒስ የሚባለውን የአገሩን የዱላ ፍልሚያ ያስተምር ነበር። እትዬ ሙርሺዳ አንድ ቀን ገቡ፣ ቀሩ። የተማሩትን ለራሳቸው ይዘው ቢቀመጡ ማን ይናገራቸው ነበር! እሳቸው ግን መጋዘናቸው ግድግዳ ላይ የመኪና ጎማ ሰቀሉ፣ ከጎኑ ዱላ ደረደሩ፣ ሕግ አወጡ። «ያልመታ አይጭንም!»

ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ጎማውን ሳትመታ ባኪህ፣ ፒክአፕህ ላይ አንድ ካርቶን ዘይት የሚያወጣልህ የለም። እንዳንቀር ደግሞ ዋጋቸው ከሁሉም ይረክሳል። እናም የልጆች አባቶች፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች፣ ከየታውንሺፑ ድሃ ሰፈር የመጣን፣ ስፓዛ የምንላትን ትንሽ ሱቅ የያዝን ሁሉ፣ በዱቄት ከረጢት መሀል ዱላ ይዘን እንሰለፋለን።

ዱላው ራታን ነው፤ ሸንበቆ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ድፍን ነው። ከታች አንድ ጭብጥ የሚያህል አስተርፈህ ትይዛለህ። ጉልበቱ ከክንድህ አይመጣም፤ ወገብህ ይዞራል፣ ክርንህ ይከተላል፣ የእጅህ አንጓ መጨረሻ ላይ ይለቀቃል። ከቀኝ ትከሻህ በሰያፍ ወደ ታች ትመታና፣ መዳፍህን ገልብጠህ በሄድክበት መንገድ ትመልሰዋለህ። ግራ እጅህ ደረትህ ላይ ሆኖ ይጠብቃል። የእኔ አይጠብቅም።

«ደጉ! ግራ እጅህ ሽርሽር ሄደ እንዴ?» ይሉኛል። «ጎማው መሀል ላይ ምን አስፈጠጠህ? የሌባውን ፊት አትይ! ቢላ የያዘውን እጅ ምታ። እጁ ከተመታ ቢላው ይወድቃል፣ ቢላው ከወደቀ አንተ ትሮጣለህ። ቀጥ ብለህ ወደኋላ አትሂድ፣ በሰያፍ ውጣ!»

ይኼ ሁሉ ይሁን። የሚያበሽቀው ሌላ ነው። ደህና መምታት ስትጀምር፣ ጎማው ጮኾልህ ልብህ ሲሞላ፣ ከኋላህ «ጣለው!» ይላሉ። አፋቸውን ሳይዘጉ ዱላው መሬት ላይ መሆን አለበት። ከዘገየህ ከሰልፉ መጨረሻ።

«እትዬ፣ መጣልማ ሳንማርም እንችላለን» አላቸው አንዴ ቤሪያ ሰፈር ሱቅ ያለው ከሊል።

«እስቲ ምታ» አሉት። መታ፣ መታ። «ጣለው!» ከሊል ዱላውን እንዳቀፈ ዞሮ አያቸው። «ይኼው ችሎታህ! ሽጉጥ ሲመጣ ይኼ ዱላ መጥረጊያ ነው። ከኋላ ተሰለፍ!»

ለእያንዳንዳችን ከባንኮ ሥር የምናስቀምጠው አንድ አንድ ዱላ ሰጥተውናል። እኔ የመጀመሪያ ቀን ሱቄ ውስጥ ሙሉ ምት ስሞክር አንድ ትሪ እንቁላል አፈረጥኩ። ባለቤቴ ኤርጎጌ «ሌባው ሳይመጣ አንተው ጨረስከን!» ብላ ዱላውን ከበሩ ጀርባ አስቀመጠችው።

ልንገራችሁ፣ እኔ ፈሪ ነኝ። ሱቃችን ያለው ዲፕስሉት የሚባል ታውንሺፕ ውስጥ ነው። ዕቃ የማመጣበት ቀን ኤርጎጌ ፍርግርጉን ብረት ቆልፋ ብቻዋን ትውላለች፤ እኔ ጀርሚስተን ቆሜ ጎማ እደበድባለሁ፣ ልቤ ግን እሷ ጋ ነው። እትዬ ሙርሺዳ ደግሞ ጭንቀት አሽትተው ያገኛሉ። «ኤርጎጌ ብቻዋን ናት? ደውልላት!» እደውላለሁ። አታነሳም። እንደገና እደውላለሁ። የሚመታው መምታቱን ያቆማል። በመጨረሻ ታነሳና «ምን ሆነሃል! ደንበኛ እየሸኘሁ እኮ ነው!» ብላ ትጮህብኛለች። «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ እትዬ ሙርሺዳ። «በል ምታ!»

ባለቤታቸው ጋሼ ፈሪድ ገንዘብ መቀበያው ጋ ተቀምጠው በዝምታ ያዩናል። ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ ተኝታ ትውላለች፤ ሁሉን በግራ ነው የሚሠሩት። ደም ብዛት ጥሏቸው ይመስለኝ ነበር፤ ጠይቄም አላውቅ።

ባለፈው ማክሰኞ ከጀርሚስተን ተመልሼ ዕቃ ሳራግፍ መጡብን። በጠራራ ፀሐይ ነው። ዕቃ ሲራገፍ ብረቱ ክፍት ነው፤ ይኼን እነሱም ያውቃሉ። «ሳውቦና፣ ማይ ፍሬንድ» ብሎ ሰላም አለኝ አንደኛው፤ ቢላ ይዟል። ዱላውን ከበሩ ጀርባ እንዴት እንዳነሳሁት አላውቅም። እጁ ልክ ጎማውን የምመታበት ቦታ ላይ ነበር። ወገቤ መዞር ጀመረ። እንዲህ የተናደድኩበት ቀን የለም፤ ፍርሃቴ ራሱ የት እንደገባ እንጃ። ያኔ ነው ሁለተኛው ከኋላው ብቅ ብሎ ሽጉጡን ኤርጎጌ ላይ ያነጣጠረው።

አላሰብኩም። ጣቶቼ ተከፈቱ። ዱላው ሲሚንቶው ላይ ሲንኳኳ ሰማሁ፤ መጣሌንም ያወቅኩት ድምፁን ስሰማ ነው። እግሬ በሰያፍ ወጥቶ መንገዱን ለቀቀላቸው። ገንዘቡን ወሰዱ፣ ስልኮቻችንን ወሰዱ። ሲወጡ ባለ ቢላው ጎንበስ ብሎ ዱላዬን አነሳና አገላብጦ አየው። «ናይስ ስቲክ» ብሎኝ ይዞት ሄደ።

ኤርጎጌ ሩዝ ከረጢት ላይ ቁጭ አለች። አላለቀሰችም። ቀኝ እጄን ይዛ ጣቶቼን አንድ በአንድ ዳበሰቻቸው። «ጌታ ይባረክ፣ ለቀቅከው» አለችኝ። እኔም አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

በሳምንቱ ሱቁን ዘግተን፣ ኤርጎጌን አጠገቤ አስቀምጬ ጀርሚስተን ሄድን። መንገዱን ሙሉ የጨነቀኝ ዱላው ነው። ምን ብዬ ልንገራቸው? ሰልፉ ጋ ስደርስ ወሬው ቀድሞኛል፤ ሁሉም ዞሮ ያየኛል።

«ዱላህስ?» አሉኝ እትዬ ሙርሺዳ። እንደምን አደርክ የለ፣ ስንት ተወሰደ የለ።

«ወሰዱት።»

«ከእጅህ ነጥቀው?»

«አይ እትዬ። ጥዬው።»

«እኔ አልጣልኩም ነበር» የሚል ድምፅ መጣ። ጋሼ ፈሪድ ናቸው። ቀኝ እጃቸውን በግራቸው አንስተው ጠረጴዛው ላይ አኖሯት። «እዚህ ሌቦች የመጡብን ቀን፣ ሽጉጡን እያየሁት፣ በዱላዬ ተማምኜ አልለቅም አልኩ። ጥይቱ ትከሻዬን ነው ያገኘው። እሷም ዱላ ልማር ያለችው ከሆስፒታል እንደወጣሁ ነው።»

እትዬ ሙርሺዳ ጀርባቸውን ሰጥተውን ከተደረደሩት ዱላዎች መምረጥ ጀመሩ። ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፤ ቢሆንም ሲመርጡ ብዙ ቆዩ። ሲዞሩ ዓይናቸው ቀልቷል። በዚህ አገር እንደሳቸው ያስጨነቀኝ ሰው የለም፤ ዕድሜያቸውን ያርዝመውና ገና ያስጨንቁኝ። ሄጄ ልስማቸው ስል በአዲሱ ዱላ ደረቴን ገፋ አድርገው አቆሙኝ።

«እንካ» አሉኝ። «ይኼንንም ትጥለዋለህ።»