ለሙት መንፈስ ዋስ የሆኑት አያ ወልዱ

ሰው ጉድ ነው። ቀኑን ሙሉ የሚያስፈራው ነገር አያጣም፤ የአለቃ ፊት አለ፣ ዘንድሮም የዘገየው ዝናብ አለ። ይህ ሁሉ አልበቃ ብሎት የሚያስፈራ መጽሐፍ ገዝቶ ይገባል። «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» የሚለው ተረት ለእኔ ቢጤ አንባቢ አይሠራም። እኔ የምወደው የማላውቀውን ሰይጣን ነው፤ በር አንኳኩቶ ሲከፍቱለት የሌለውን፣ ጣራ ላይ የሚራመደውን። እናንተም አትደብቁኝ፤ ብርድ ልብሳችሁን እስከ አፍንጫችሁ ስባችሁ «አንድ ምዕራፍ ብቻ» ያላችሁበት ቀን አለ። ምናልባት ደስ የሚለን ፍርሃቱ ሳይሆን ሲበዛብን መጽሐፉን መክደን መቻላችን ይሆናል። የአለቃን ፊት መክደን አይቻልማ።

ሰቆጣ የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት አያ ወልዱ ይባላሉ። ሥራቸው ደም ማድረቅ ነው። ሰው ተገድሎ በሁለት ቤተሰብ መካከል ቂም ሲገባ ከፃግብጂም ከጋዝጊብላም እየመጡ ይወስዷቸዋል፤ ያስታርቃሉ፣ ዋስም ይሆናሉ። እሳቸው ዋስ የሆኑበት እርቅ ፈርሶ አያውቅም። ይህን ሰው ሁሉ ይመሰክርላቸዋል፤ ሰው ሲጠፋ ራሳቸው ይመሰክራሉ። ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ገድል አነብላቸው ነበር። አንድ እሁድ ግን ምን እንደነካኝ እንጃ፣ የጀመርኩትን የሙት መንፈስ ልቦለድ ይዤ ገባሁ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ ነጋዴ ሸሪኩን ገድሎ ይቀብርና በላዩ ላይ ቤት ይሠራል። ሟቹ እየተነሣ የገዳዩን ቤተሰብ አንድ በአንድ ይፈጃል። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ሳነብ ባለቤታቸው እትዬ ዝማም እንዝርታቸውን አስቀምጠው አማተቡ። አያ ወልዱ ግን አገጫቸውን ከዘራቸው ላይ አስደግፈው «እስቲ ቆይ» አሉ። «ሟች በዳይ ነው ተበዳይ?»

«ተበዳይ ነው። ግን ሰው ይገድላል።»

«ካሳ ተከፍሎለታል?»

«ኧረ አልተከፈለም።»

«ታዲያ ይኸ ምኑ ያስፈራል? ያሳዝናል እንጂ።»

ለካስ ጋኔን እያልን የምንሸሸው ሁሉ ሽማግሌ ያልተላከለት ባለጉዳይ ኖሯል። እዚያው ሽምግልናው ተጀመረ። እኔ የገዳይ ወገን ተደረግሁ፤ ተከራይ ምን ይላል። ካሳ ተቆረጠ። አያ ወልዱ መጽሐፉ ላይ እጃቸውን ጭነው ዳግመኛ እንደማይነሣ ለሟቹ ዋስ ገቡ፤ መሐላውንም በአገውኛ አሰሙት፣ ከባድ ነገር በአማርኛ አይምሉም። እትዬ ዝማም የእርቁን ጠላ ቀዱ።

በሚቀጥለው እሁድ መጽሐፌን ይዤ ብቅ ብል «ምን ልታደርግ?» አሉኝ።

«የቀረውን ላንብብልዎ ብዬ።»

«ታርቀዋል እኮ ልጄ። ከእርቅ ወዲያ ያለፈ ደም የሚያነሣ ነውረኛ ነው።»

እስቲ ፍረዱኝ። ልቤን ሰቅሎ የተወኝን መጽሐፍ ነውር ነው ብዬ ልተወው? መሥሪያ ቤት ውስጥ ከፋይል ጀርባ ተደብቄ ጨረስኩት። ሟቹ በገዳዩ ልጅ ሰርግ ላይ ተነሥቶ ሙሽራዋን ይዟት ጠፋ። ፀጉሬ ቆመ፣ ደስ አለኝ። ወዲያው ግን ዋሱ ትዝ አሉኝና ለማንም ሳልተነፍስ መጽሐፉን ትራሴ ሥር ሸሸግሁት።

የፈሩት ይደርሳል። አያ ወልዱ ሞራው ተገፎላቸው ከሐኪም ቤት ተመለሱ። የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ናቸውና መጀመሪያ የጠየቁት ያንኑ መጽሐፍ ነው። ጓደኛዬ ተውሶታል አልኳቸው። እትዬ ዝማም ግን ጣራው አፍስሶ ዕቃዬን ሲያሸሹ አይተውት ኖሮ አምጥተው ሰጧቸው።

በማግሥቱ አያ ወልዱን ኩታቸውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀው በረንዳ ላይ አገኘኋቸው። ሰላምታዬን አልመለሱም። ከፃግብጂ የመጡ ሁለት ቤተሰቦች፣ የገዳይና የሟች ወገን፣ እርቅ ፈልገው በር ላይ ቆመዋል። የሟች ወንድም ጠመንጃውን ከትከሻው አላወረደም። አያ ወልዱ «ሌላ ሽማግሌ ፈልጉ፤ የእኔ ዋስትና ፈርሷል» ብለው መለሷቸው። እዚህ ላይ ሳቄ ጠፋ። ለመዝናኛ ያመጣሁት መጽሐፍ የእውነት ሰው ሊያስገድል ነው። ይኼኛው ፍርሃት የሚከደን አልነበረም።

«አያ ወልዱ፣ ልቦለድ እኮ ነው፤ ፈጠራ ነው» ብዬ ለመንኳቸው።

«መሐላዬም ፈጠራ ነው?»

ያዳኑን እትዬ ዝማም ናቸው። ከእንዝርታቸው ቀና ሳይሉ «ለመሆኑ ሟቹ ራሱ ተነሣ ወይስ የጻፈው ሰውዬ ነው ያስነሣው?» አሉ።

አያ ወልዱ ኩታቸውን አስተካክለው ለበሱ። «ሟች ቃሉን ጠብቋል፤ ነገረኛው ጸሐፊው ነው» አሉና እንግዶቹን እንድመልስ ላኩኝ። እየሮጥኩ መናኸሪያው አጠገብ ደረስኩባቸው። ተመልሰው ተቀመጡ፣ ውለው አድረው ታረቁ፤ የሟች ወንድምም ጠመንጃውን አወረደ።

መጽሐፌን ሲመልሱልኝ አያ ወልዱ የመጨረሻውን ገጽ ገልጠው «ክፍል ሁለት ይቀጥላል» የሚለው ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

«ይኸን ሰውዬ አፈላልገህ አምጣልኝ። ሟቹን ደግሞ ከመቀስቀሱ በፊት ላስታርቃቸው።»

እሺ አልኳቸው። ይኸው አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ባገኘሁ ቁጥር አደራ፣ ፈልጉልኝ እላለሁ። ጸሐፊውን አይደለም። ክፍል ሁለትን።