ዳታ ያለው ዓሣ ቤት

ዳግም፦ «ጣ» አይደለም እትዬ፣ «ታ» ነው። ምላስሽን አላልተሽ በይው። ዳ-ታ።

ሻሺቱ፦ ዳ-ጣ።

ዳግም፦ አሁንም አጠበቅሽው።

ሻሺቱ፦ አንተ ነህ ያላላኸው።

(ቦታው አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ ዘመኑ 1989 ዓ.ም.፣ ሰዓቱ ከምሳ በፊት። እትዬ ሻሺቱ ዶርዜ ተወልዳ እዚህ የጫሞ ሐይቅን ዓሣ ስትጠብስ የኖረች ሴት ናት። ታናሽ ወንድሟ ዳግም አዲስ አበባ ከርሞ፣ ዘመናዊ የንግድ አሠራር ሠልጥኖ ሰሞኑን ነው የተመለሰው። ለእሷ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ልጁ ሸገር ሲቀመጥ ምላሱ ለሰለሰና የእናቱን የሚያቃጥል የበርበሬ ማባያ፣ ዳጣን እንኳ በወጉ መጥራት አቃተው። ለእሱም ግልጽ ነው፤ እትዬ አዲስ ቃል ሰምታ ምላሷ አልገራላትም። ሁለቱም በሆዳቸው ይተዛዘናሉ።

ጭንቁ ግን የእውነት ነበር። ፊት ለፊት ማቀዝቀዣ ያለው ትልቅ ሆቴል ከተከፈተ ወዲህ የእትዬ ሻሺቱ ሥራ ዝንብ እሽ ማለት ሆኗል። አሁን አንድ የመንገድ ሥራ ድርጅት ለሠራተኞቹ ምሳ የሚያቀርብ ቤት ይፈልጋል፤ የግዢ ኃላፊው አቶ ታምሩም ዛሬ ሊያዩ ይመጣሉ። ይህ ካመለጣት በሯን ዘግታ ዶርዜ ወጥታ ጥጥ ልትፈትል ነው። ፈትል ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ አትወድም።)

ሻሺቱ፦ እስቲ ሰውዬው በስልክ ያሉህን ድገምልኝ።

ዳግም፦ መስመሩ ይንኮሻኮሽ ነበር፤ እኔ ግን ጥርት አድርጌ ሰምቻለሁ። «ዓሣ የትም አለ፤ እኛ የምንፈልገው ዳታ ያለው ቤት ነው» አሉ።

ሻሺቱ፦ ጨዋ ሰው ናቸው።

ዳግም፦ «ዳታችሁ ኃይለኛ ነው ወይ?» አሉኝ። «እጅግ» አልኳቸው።

ሻሺቱ፦ አልዋሸህም። ባለፈው ሳምንት ያንን ግዙፍ ፖሊስ አስለቅሶታል።

(ዳግም ፖሊሱን ከዳታ ጋር ምን እንዳገናኘው ሊጠይቅ አሰበና ተወው። ያልሠለጠነን ሰው ብዙ አለመጠየቅ ጥሩ ነው፤ ይህንንም ሥልጠናው ላይ ነግረውታል።)

ዳግም፦ ትልልቆቹ ድርጅቶች እኮ ለዳታ ብቻ የተለየ ክፍል አላቸው።

ሻሺቱ፦ ለብቻው? ጎረቤቱን አያስነጥሰውም?

ዳግም፦ በር ተዘግቶ ነው። ውስጡ ማቀዝቀዣ ይነፋል። ዳታ ያለበት ክፍል ሙቀት አይወድም።

ሻሺቱ፦ እሱስ እውነት ነው። ይኮመጥጣል።

ዳግም፦ መካከለኞቹ ደግሞ አንዲት ጸሐፊ ትይዝላቸዋለች። ወር ሲደርስ ለሥራ አስኪያጁ ታቀርባለች።

ሻሺቱ፦ እስከ ወር ድረስ ሰውዬው ደረቁን ነው የሚበላው?

ዳግም፦ ትንንሾቹ፣ ማለትም እንደ እኛ ያሉት፣ በግምት ነው የሚኖሩት።

ሻሺቱ፦ በግምት ምን ነውር አለው? ነጭ ሽንኩርቱንም ዝንጅብሉንም እጄ ይመጥነዋል።

ዳግም፦ ጥፋቱ እሱ ነው። ዳታ ከደንበኛ ነው የሚሰበሰበው።

(ሻሺቱ የያዘችውን ቢላ አስቀመጠች።)

ሻሺቱ፦ ደንበኛ በልቶ ያስተረፈውን?

ዳግም፦ ያስተረፈውንም፣ የበላውንም። አንድም አይጣልም።

ሻሺቱ፦ እግዚኦ! ይሄንን ነው አዲስ አበባ የሚያስተምሩት?

ዳግም፦ ከተሰበሰበ በኋላ እኮ ይጣራል። የማይረባው ይወጣል፣ የቀረው ይብላላል።

ሻሺቱ፦ ቢጣራስ። የሰው ትራፊ አጣርቼ ለሰው አላቀርብም። የራሴን አዲስ ሠርቻለሁ።

ዳግም፦ ሠራሽ? ዳታ ከራስ አይሠራም እትዬ! ይሄ ማጭበርበር ይባላል!

(ሻሺቱ ወደ ጓዳ ገብታ አንዲት ማሰሮ ታቅፋ ወጣች። ክዳኗን ስታነሳ ዳግም አስነጠሰው፤ ደገመውም።)

ዳግም፦ ይሄ ምንድን ነው?

ሻሺቱ፦ ዳጣ ነዋ። ለሰውዬው ብዬ ከትናንት ጀምሮ ስደቁስ ነበር።

ዳግም፦ ከጠዋት ጀምሮ የምታወሪኝ ስለዚህ ነው?

ሻሺቱ፦ አንተስ ስለምን ነው የምታወራኝ?

(ዳግም ወንበር ስቦ ተቀመጠና በረጅሙ ተነፈሰ። ከዚያም ዳታ ማለት ማን፣ ምን፣ መቼ እንደሚበላ ተቆጥሮ በቁጥር የሚያዝ መረጃ መሆኑን በእርጋታ አስረዳት፤ ከሻንጣውም በቀይና በሰማያዊ የተሰመረ ትልቅ ካርቶን አውጥቶ ግድግዳው ላይ ለጠፈ። ሻሺቱ አፈረች። ስትደቁስ ያቃጠላት መዳፏ አሁንም ይለበልባታል፤ ለካ የደከመችው በከንቱ ኖሯል። ዳግም ማሰሮዋን እንግዳው ሳይመጡ ከዚህ አርቂልኝ፣ ለድርጅት ሰው አያምርም አላት። እሺ ብላ ከመደቡ ሥር ከተተችና ነጠላዋን ጣል አደረገችባት። ያለ ዳጣ ቤቱ ቤት አይመስላትም።

አቶ ታምሩ መጡ። የቀረበላቸውን ዓሣ ጥብስ ቆረስ አድርገው ያዙና ዓይናቸው ጠረጴዛው ላይ አንድ ነገር ሲፈልግ ቆየ። ዳግም ቆሞ ስለ ትልልቅና ስለ ትንንሽ ድርጅቶች ንግግር ያደርጋል። ንግግሩ ሲያልቅ አቶ ታምሩ በትህትና ራሳቸውን ነቀነቁ።)

ታምሩ፦ ዓሣው ግሩም ነው። ዳጣውስ?

ዳግም፦ «ዳታ» ነው የሚባለው ጌታዬ። ይኸው፣ ግድግዳው ላይ።

(አቶ ታምሩ እጃቸው ላይ ያለውን ዓሣ አዩ። ግድግዳውን አዩ። እንደገና ዓሣውን አዩ።)

ታምሩ፦ እናንተ ግድግዳ ላይ ነው እንዴ የምታጠቅሱት?

(አቶ ታምሩ ሠራተኞቻቸው ከጨንቻና ከዶርዜ የወረዱ መሆናቸውን፣ ያለ ዳጣ አካፋ እንደማያነሱ፣ ትልቁ ሆቴልም በዚሁ ምክንያት እንደቀረ ነገሩት። ይህንን ሁሉ በስልክ ደጋግመው እንዳስረዱትም በቅሬታ አስታወሱት።

ሻሺቱ ጎንበስ ብላ ነጠላዋን ገለጥ አደረገችና ማሰሮዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አቶ ታምሩ አጠቀሱ። እንባቸው ዱብ ዱብ አለ፤ አፍንጫቸውን በመሐረብ ጠረጉና፣ ድምፃቸው መለስ ሲል፣ ነገ ጀምሩ አሉ። ሲወጡ ካርቶኑን መለስ ብለው አይተው ሥዕሉም ያምራል አሉ። ሻሺቱ ደስታዋን መደበቅ አቃታት፤ ፈትል ቀረላት። ዳግም ብዙ ከቆየ በኋላ ቁራሽ ዓሣ አነሳ።)

ዳግም፦ እትዬ፣ እስቲ ያንን ዳጣ አቀብዪኝ።

ሻሺቱ፦ ዳ-ታ በል ወንድሜ። ምላስህን አላላው።