ሽሮ የሚመዝነው አማች

ቤታችሁ ውስጥ ሕግ የሚማር ሰው ካለ የሚያስቸግራችሁ ጠብ ሲነሳ ብቻ ነው። ሒሳብ አያያዝ የሚማር ከሆነ ወር ሲያልቅ ይነዘንዛችሁና ይተዋችኋል። ሥነ ምግብ የሚማር ሰው ግን በቀን ሦስት ጊዜ ይመጣባችኋል፤ መክሰስ የምትወዱ ከሆነ አራት። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት የአዳማ ሰፈር የለም። አንዱ ቤት ልጅ ነው፣ ሌላው ቤት እህት ናት። እማማ እንቁ ቤት አማች ነው፤ ከሁሉም የከፋው ይኸኛው ነው። ልጅን ይቆጡታል፤ አማችን ማን ደፍሮ ይቆጣል?

ክቡር አቶ ዲበኩሉ፣ የእማማ እንቁ ልጅ የሉሊት ባል፣ ቀን ቀን ሞጆ ደረቅ ወደብ የጭነት መኪና ይመዝናል። ኮንቴይነር የተሸከመ ተሳቢ ሚዛኑ ላይ ይወጣል፣ እሱ ቁጥሩን ያያል፣ ወይ ያሳልፋል ወይ ይመልሳል። ብዙ ዓመት እንዲህ ሲል ኖሮ፣ ጠጉሩ መሸበት ሲጀምር፣ ምን እንደታየው እንጃ ኮሌጅ ገብቶ በማታው ክፍል ሥነ ምግብ መማር ጀመረ።

ከዚያ ወዲህ ትሪ በሰላም ቀርቦ አያውቅም። "ቀለም የታለ?" ይላል ገና እጁን ሳይታጠብ። ቀለም የሚለው ጎመኑን፣ ካሮቱን፣ ቲማቲሙን ነው። ሉሊት ዘይት ልትጨምር ስትል ድስቱ አጠገብ እንደ ትራፊክ ፖሊስ ይቆማል። ሶደሬ ሊዝናኑ ሄደው ሰው ሁሉ ፍል ውሃው ውስጥ ሲንቦጫረቅ፣ እሱ በማያውቀው ሰው የተጠበሰ ዓሣ ላይ አስተያየት ሰጥቶ ለጥቂት ከዱላ ተረፈ። ለቅሶ ቤት እንኳ አልማረም። ሐዘንተኞቹ መካከል ተቀምጦ ንፍሮውን አፈስ አደረገና "ግሩም ፕሮቲን ነው" ብሎ አመሰገነ።

ጎረቤታቸው ጫልቱ አንድ ቀን እየተንጨረጨረች መጣች።

"አካም ጂርቱ፣ እማማ? እኔስ ደህና አይደለሁም። አማችዎ ስኳሬን ቆጠረብኝ!"

"ምን አደረገ?"

"ትናንት እናንተ ቤት ሻይ ስጠጣ፣ 'አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት' እያለ! ባሌ እንኳ ስንቴ እንደማማስል አያውቅም።"

እማማ እንቁ ከንፈራቸውን መጠጡ። ከንፈር መምጠጥ ለጫልቱ ነው፤ በሆዳቸው ግን ሦስተኛው ማንኪያ ላይ እሳቸውም ቆጥረው ነበር።

እውነቱን ለመናገር፣ ማታ ማታ ዲበኩሉ ትምህርቱን ጮክ ብሎ ሲያነብ ሌላው ሁሉ ሰበብ ፈልጎ ይበተናል፤ ቁጭ ብለው የሚያዳምጡት እማማ እንቁ ብቻ ናቸው። ሰው የሚውጠው ነገር ሆዱ ገብቶ ምን እንደሚሆን ይህን ሁሉ ዘመን ማንም ነግሯቸው አያውቅም።

"ጎመን ውስጥ ብረት አለ" አላቸው አንድ ምሽት።

"ብረት? እውነተኛ ብረት?"

"እውነተኛ፣ እማማ። ደም ይሆናል።"

"ታዲያ እኔ ዕድሜ ልኬን ጎመን በልቼ እንዴት አልዛግሁም?"

ዲበኩሉ ሊስቅ ጀመረና አቆመ። ግንባሩን አሻሸ። "መምህሩን ጠይቄ እነግርዎታለሁ" አለ። ደግሞም ጠየቀ። በማግስቱ ማታ መልሱን ይዞ መጣና ከውሃውና ከአየሩ ጀምሮ እስኪገባቸው ድረስ አስረዳቸው። እማማ እንቁ ያን ቀን፣ ሰውየው አስቸጋሪ ነው፣ ግን የተጠየቀውን አይንቅም ብለው ያዙለት።

እሱ ያላወቀው ነገር ደግሞ አለ። እማማ እንቁ መብላት ካቆሙ ሰንብተዋል። ከመንጋጋ ጥርሶቻቸው የወለቀው ወልቆ፣ የቀረው ተሰብሮ፣ ምግብ ሲነካው ሕመሙ እስከ ጆሯቸው ድረስ ይዘልቃል። ይህን የሚሸፍኑት በጉርሻ ነው። ትሪ ሲቀርብ አንዱን ለልጅ ልጃቸው ለሙሉብርሃን፣ አንዱን ለሉሊት፣ ጫልቱም ካለች ለጫልቱ ያጎርሳሉ። እጃቸው ስለማያርፍ ሁሉም የበሉ ይመስለዋል። እሳቸው ወጥ የራሰች ቁራሽ ይውጡና ያመሰግናሉ። ቀሚሳቸው ሲሰፋ መቀነታቸውን ጠበቅ ያደርጋሉ።

ለምን አይናገሩም? ደራ የምትኖረው እህታቸው አማረች ተናግራ ነበር። ልጆቿ ደግ ናቸው፤ "ለእማዬ እንዲመቻት" ብለው አጥሚት በኩባያ አልጋዋ ድረስ ያመጡላት ጀመር። መጀመሪያ ትሪው ሲቀርብ መጥራት ተዉ። ቀጥሎ ትሪው ዙሪያ የሚወራው ወሬ እሷ ጋ መድረሱ ቀረ። በመጨረሻ የልጅ ልጇ መታጨቱን ከጎረቤት ሰማች። አማረች ዛሬም ደህና ናት፣ ምንም አልጎደለባትም፤ ግን የምትኖረው ኩባያ ይዛ ጥግ ነው። እማማ እንቁ የሚፈሩት ሞት አይደለም፤ ያንን ጥግ ነው።

በዚህ መሐል ኮሌጁ ለዲበኩሉ የቤት ሥራ ሰጠው። የአንድ ቤተሰብ አባላት እያንዳንዳቸው የሚበሉትን መዝኖ ክፍል ውስጥ ማቅረብ። ዲበኩሉ ትንሽ የወጥ ቤት ሚዛን ገዝቶ ሽሮውን፣ እንጀራውን፣ ድንቹን መዘነና ደረቱን ነፍቶ አቀረበ። መምህሩ መለሰበት። "አምስት ኪሎ ምግብ ትሪ ላይ ወጣ ትለኛለህ፤ ማን ምን ያህል በላ?" አንድ ዕድል ብቻ ቀረው፤ ያ ካልተሳካ ዓመቱን ይደግማል።

ዲበኩሉ በሐሳብ ሰጠመ። "ጉርሻው ነው የሚያበላሽብኝ" አለ። "በማን ይቆጠራል? ባጎረሰው ነው ወይስ በጎረሰው?"

"ባጎረሰው ላይማ ጽድቁ ነው የሚቆጠረው" አሉ እማማ እንቁ ቶሎ ብለው።

አልሰማቸውም። እሑድ ምሳ ላይ ለየሰዉ የተለያየ ሰሃን ይዞ ብቅ አለ።

"ምንድነው ይሄ?" አለች ሉሊት። "ሆቴል ነው? ወይስ ተጣልተናል?"

"ለዛሬ ብቻ ነው።"

"ሰው አይቶ ቤታቸው ተከፋፈለ ቢልስ?"

"በሩን ዝጊው።"

ጥብስ ነበር የተሠራው። እማማ እንቁ ሰሃናቸውን ሲያዩ ልክ ቀበሌ የተጠሩ ያህል ልባቸው መታ። ጠቅልለው ወደ ሙሉብርሃን እጃቸውን ዘረጉ።

"እማማ፣ ዛሬ ጉርሻ የለም" አለ ዲበኩሉ በትሕትና።

እጃቸውን መለሱ። አንዲት ቁራጭ አፋቸው አደረጉና ነከሱ፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ። "በርበሬው" አሉ። ከዚያ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው፣ "እኔ እንኳ ስሠራ ስቀምስ ጠግቤያለሁ" አሉ።

"እማዬ፣ የሠራሁት እኔ ነኝ እኮ" አለች ሉሊት።

ዲበኩሉ ሰሃኖቹን አንድ በአንድ እየሰበሰበ፣ የተረፈውን እየመዘነ፣ ቁጥሩን በኩራት እየጠራ ቀጠለ። የእማማ እንቁን ሰሃን ሚዛኑ ላይ አኖረው። ቁጥሩን አየ። አንሥቶ እንደገና አኖረው። ሲመዝን የኖረ ሰው ነው፤ ጭነት ሳይራገፍ እንደገባ መውጣቱን ቁጥሩን እንዳየ ያውቃል። ቀና ብሎ ጎድጎድ ያለውን ጉንጫቸውን፣ አፋቸው ላይ የያዙትን ነጠላ አየ። እማማ እንቁ ዓይናቸውን ወለሉ ላይ ተከሉ። በውስጣቸው ኩባያው ሲመጣ ታያቸው።

"አባዬ፣ የእማማ ስንት ሆነ?" አለ ሙሉብርሃን።

ዲበኩሉ ጉሮሮውን ጠረገ። "ሚዛኑ ተበላሸ።"

"አሁን እኮ ይሠራ ነበር!"

"ተበላሸ አልኩህ። ባትሪው ይሆናል።"

በክብደት ዋሽቶ የማያውቅ ሰው፣ ሹፌሮች ሲለምኑት ሲቆጡት እንኳ አንዲት ኪሎ ያላጎደለ ሰው፣ ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀልቶ ሚዛኑን አንሥቶ ወጣ።

በማግስቱ ማታ አዲስ አዋጅ ታወጀ። "ጥናቱ ተለውጧል" አለ ትሪው ፊት ቆሞ። "በዚህ ሳምንት ቤተሰቡ በሙሉ ለስላሳ ነገር ነው የሚበላው። ገንፎ፣ የአጃ ሾርባ፣ በደንብ የራሰ ፍትፍት። በአንድ ትሪ።" ሉሊት፣ "ይሄ ኮሌጅ ያሳብደናል" ብላ አማረረች። ሙሉብርሃን አለቀሰ ማለት ይቻላል። ጫልቱ ልትጠይቅ መጥታ ገንፎ ቀረበላትና ማን እንደወለደ ጠየቀች። ከሁሉም የተሠቃየው ግን አዋጅ አውጪው ነው። ዲበኩሉ ገንፎ ከልጅነቱ ጀምሮ ጉሮሮው አይቀበለውም፤ እያንዳንዷን ጉርሻ በውሃ እየገፋ፣ "ግሩም ነው" እያለ ዋጠ። እማማ እንቁም ትሪው ዙሪያ፣ የሁልጊዜ ቦታቸው ላይ ተቀምጠው፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ የሚበሉት ጣማቸው።

ረቡዕ ማታ ሌሎቹ ሲነሡ እሳቸው ቀሩ።

"ዲበኩሉ።"

"አቤት፣ እማማ።"

"ትምህርቱስ እንዴት ሆነ?"

"ከሚመጡት ጋር እደግመዋለሁ። የአንድ ሰው ከጎደለ አይቀበሉም። የሌለ ቁጥር ደግሞ አልጽፍም።"

አንድ ዓመት ሙሉ! እማማ እንቁ አሰቡት። አንድ ዓመት ሙሉ ደግሞ ስለ ጎመን ሊያነብላቸው ነው። አለመከፋታቸው ራሳቸውን ገረማቸው።

"ጥርሴ ነው" አሉ በነጠላቸው ውስጥ።

ዲበኩሉ ወደ መጋረጃው ዞረ፤ የአማት አፍ አማች ትኩር ብሎ የሚያየው ነገር አይደለም።

"ሐኪም ዘንድ አንተ ውሰደኝ። ሉሊት ከሰማች ታለቅስብኛለች። ታክሞ፣ ተነቅሎ፣ የሚተካም ካለ ተተክቶ ሲያልቅ እኔው እነግራታለሁ። ከሥራ ፈቃድ ስታገኝ..."

"ለነገ ፈቃድ ወስጃለሁ።"

"መቼ ጠየቅህ?"

"ሰኞ ጠዋት።"

በማግስቱ ባጃጅ ውስጥ እማማ እንቁ ከኋላ ተቀመጡ፤ ዲበኩሉ ከሹፌሩ ጎን ተሸጉጦ ገባ። ሹፌሩ ልጅ በአንድ እጁ እየነዳ በሌላው ለስላሳ ይጠጣል። መጀመሪያው አደባባይ ጋ ሳይደርሱ ተጀመረ።

"ወንድሜ፣ እሱ ጠርሙስ ውስጥ ስንት ማንኪያ ስኳር እንዳለ ታውቃለህ? ጥርስህን ብቻ አይደለም..."

ስለ ጥርስ፣ ስለ ጉበት፣ ስለ ቆሽት ተተነተነ። በመጨረሻ ልጁ ትዕግሥቱ ሲያልቅ ዞሮ፣ "ጋሼ፣ ለመሆኑ ዶክተር ነዎት እንዴ?" አለ።

ክቡር አቶ ዲበኩሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እኔ እንኳ... ገና የመጀመሪያ..."

"ነው!" አሉ እማማ እንቁ ከኋላ፣ ነጠላውን ከአፋቸው አውርደው። "ጠርሙሱን አስቀምጥ።"